የተቆራረጠው መስመር

«ተቆራርጦ ሲታይ ያላለቀ ይመስላላ» አለ ሚኒስትሩ፣ ወፍራሙን ጥቁር ማርከር እየከደነ።

ይህን ቅጽል ስም ያወጣችለት አብራው የምትወዳደረው ልጅ ናት፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ሪባን ሊቆርጥ የመጣ ስለሚመስል። በሳይንስ ውድድሩ አዳራሽ፣ የጋራ ፖስተራቸው ፊት ቆማ የሠራውን ጉድ አየች። ከአክስቷ ሥዕል እንደተቆራረጠ የቀዳችውን መስመር ወጥ አድርጎ ደፍኖታል።

አክስቷ የምታጠናው ግራፊንን ነው፤ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ። ባዕድ አቶም ሲጨመርበት የኤሌክትሮኖቹ ጠባይ ይለወጣል፤ በአንድ መጠን ሲጨመር እንደ ማግኔት ያደርጋቸዋል፣ በሌላ መጠን ኤሌክትሪክን ያለ ምንም እንቅፋት ያሳልፋሉ። አንዱ ጠባይ አብቅቶ ሌላው የሚጀምርበትን ድንበር፣ መስመሩን ማለት ነው፣ አክስቷ የምትፈልገው በስሌት ብቻ ነው። ልጅቷ ይህን ሥራ ከልቧ ስትንቀው ኖራለች። ዕቃውን አንድ ቀን በእጅ ሳይነኩ ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ማፍጠጥ፣ ውጤቱም የተቆራረጠ መስመር።

«ምነው አክስቴ፣ ማስመር አቃተሽ?» ብላ አሹፋባት ነበር።

«ሁለቱ ስሌቶቼ እዛ ጋ አልተስማሙም። የማላውቀውን ምን ብዬ ላስምረው?» አለቻት አክስቷ፣ ቅር ሳይላት።

ዳኛዋ መጥታ ድንበሩን እንዴት እንዳገኙት ስትጠይቅ፣ ሚኒስትሩ ደረቱን ነፍቶ በትምህርት ቤታቸው ቤተ ሙከራ እንዳረጋገጡት ተናገረ። ያ ቤተ ሙከራ የመጥረጊያ ማስቀመጫ ከሆነ ከራርሟል። ዳኛዋ ግን ተደንቃ፣ የቀሩትን ዳኞች ይዛ እንደምትመለስ ነግራቸው ሄደች። አሸናፊዎቹ ክረምቱን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ይማራሉ፤ ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ የተመኘችው ይህንኑ ነበር።

«በቃ፣ ገብተናል። አንቺ ዝም በይ ብቻ» አላት።

ከላይ እስከ ታች አየችው። እንዲህ ያለ ባዶ ቆርቆሮ። እሱን ብቻ ንቃ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ ግን ሲዋሽ እሷም አጠገቡ ቆማ በአዎንታ ራሷን ነቅንቃለች። ያ ይበልጥ አስጠላት።

ከቦርሳዋ ነጭ ፍሉድ አወጣች። ጥቁሩን መስመር እዚህም እዚያም እየቀባች መቆራረጥ ጀመረች።

«አበድሽ እንዴ? መጡ እኮ» አለ ሚኒስትሩ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

መቀባቷን ቀጠለች። ዳኞቹ ሲደርሱ ፍሉዱ ገና አልደረቀም።

«ስሌቱ የአክስቴ ነው፣ እኛ ምንም አልሞከርንም» አለቻቸው። ጣቷን ክፍተቱ ላይ አደረገች። «እዚህ ጋ ደግሞ እሷም አታውቅም።»