ዘመም ያለው ግልባጭ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ተረት ነው የሚል ካለ መጥቶ ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጥ... ከዚያ እንከራከራለን።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይ ላቦራቶሪውን ሞልታዋለች። ከመስታወቱ ግድግዳ ማዶ ያለው ክፍል እንደወትሮው ጨለማና የተቆለፈ ነው።

መንትያ እህቴ ከጎኔ ተቀምጣ ሻይዋን ትጠጣለች። መልካችን አንድ ነው። እሷ ግን በአንድ የተበላሸ ፕሮቲን ምክንያት እየመነመነች ነው። መድኃኒት ሠሪዎቹ የፕሮቲኑን ቅርጽ እስከ ማታ ከእኛ ካላገኙ ሥራውን ይተዉታል።

ከፕሮቲኑ ክሪስታል ሠርተን ኤክስሬይ ለቀንበታል። ጨረሩ ተበትኖ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ቅርጹን የምናሰላው ከዚያ ነው።

ችግሩ... ሞለኪውሎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ሁለተኛው የመጀመሪያው ግልባጭ ይመስላል፤ ግን በጥቂቱ ዘመም ብሏል። የልዩነታቸው ምስክር ደካማዎቹ ነጠብጣቦች ብቻ ናቸው።

ያሰላሁት ቅርጽ ከነጠብጣቦቹ ጋር አልገጥም ብሏል፤ ስሕተቱ ከአርባ በመቶ አልወርድ ብሎ ሊያሳብደኝ ነው።

አለቃዬ ፕሮፌሰሩ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ደካማዎቹን ጣያቸው። ሁለቱን እንደ አንድ ቁጠሪያቸው።»

«ልዩነቱ እኮ ያለው እዚያ ነው።»

«አታድርቂኝ ልጄ። ትርጉም የሌላቸው ጫጫታ ናቸው።»

ስንፍናን ጥበብ ብሎ የሚሸጥ ሰው ደሜን ያፈላዋል።

እህቴ ሳቀች። «ሽበታቸውን አክብሪ እንጂ... እኔም ደክሞኛል።»

የመሰረዣውን ቁልፍ ተጭኜ ጣልኳቸው።

ስሕተቱ ወደ ሃያ ወረደ።

«አየሽ?» ብዬ ዞርኩ።

ወንበሩ ባዶ ነው።

ሻይዋ የለም። ቦርሳዋም የለም...

«እህቴ የት ሄደች?»

«የምን እህት?» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ለእናቴ አንድ ነኝ ስትይ አልነበር?»

ስልኬን ከፈትኩ። በልጅነት ፎቶአችን ላይ እናቴ አንድ ሕፃን ታቅፋለች። ሌላኛው ክንዷም ታጥፏል... አየር አቅፎ።

ነጠብጣቦቹን መለስኩ። ስሕተቱ ሽቅብ ወጣ።

ወንበሩ አሁንም ባዶ።

ያኔ ከመስታወቱ ማዶ መብራት በራ።

ይኸው የእኛው ክፍል። ይኸው ጠረጴዛ። ሁሉም በጥቂቱ ዘመም ብሎ...

እህቴ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣለች። ጉንጯ ሞልቷል፤ ጤነኛ ናት። ከጎኗ ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ... አጥንቴ ብቻ ቀርቶ።

ከኋላዋ ፕሮፌሰሩ ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

መስታወቱን ደበደብኩት። «አትጣያቸው...»

አልሰማችኝም።

መብራቱ እስከ ዛሬ አልጠፋም። እሷም ከቦታዋ አልተነሣችም።

በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ግን ጣቷ ወደ መሰረዣው ቁልፍ ትንሽ ቀርቦ አገኘዋለሁ...