አሥራ አንደኛው ባትሪ

ከእሱ ጋር የተዋወቅነው በንዴት ነው።

ያገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዎች ተፈተው ብረታቸው ለሌላ ሥራ በሚዘጋጅበት ፋብሪካ የርክክብ ሠራተኛ ነበርኩ። ከጭነት መኪና የሚወርደውን እያንዳንዱን ባትሪ ሙቀቱንና ቮልቱን እለካለሁ፣ ጫፎቹ በቴፕ መሸፈናቸውን አያለሁ፣ ከዚያ «ይግባ» ወይም «ይመለስ» እላለሁ። የዚያን ቀን መለኪያዬ ከጠዋት ጀምሮ እየጠፋ እየበራ ሲያበሳጨኝ ውሏል። የመጨረሻው መኪና ሲመጣ ስድስቱንም ባትሪ ቶሎ ቶሎ ለክቼ ፈረምኩ።

ሾፌሩ ግን ወረቀቱን አልተቀበለኝም።

«ሦስተኛውን ድገሚው» አለኝ።

«ለክቼዋለሁ።»

«አይቻለሁ። ሽታው ግን ደስ አላለኝም።»

ሾፌር ሥራዬን ሊያስተምረኝ መጣ ብዬ ደሜ ፈላ። ግን ጠጋ ስል እውነትም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ ነበረው። ባትሪው ከሥሩ እያፈሰሰ ነው። በፎርክሊፍት አንስተን ከሕንፃው ርቆ ወዳለው የአሸዋ ጉድጓድ ወሰድነው። እሱ ባይናገር ኖሮ መጋዘኑ ውስጥ ከሌሎቹ መቶ ባትሪዎች ጋር ይቀመጥ ነበር።

«ለአለቃዬ ትናገራለህ?» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«ሳታይ ፈረመች ብለህ።»

«አይተሻል እኮ» አለ። «በሁለተኛው ጊዜ ይሁን እንጂ አይተሻል።»

ሰው ሁሉ «ቀስታ» ብሎ ነው የሚጠራው። ባትሪ ከጫነ በሰዓት ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም። ጓደኞቹ «ቀስታ የጫነው ባትሪ እስኪደርስ አዲስ ሞዴል መኪና ይወጣል» እያሉ ይቀልዱበታል። በንግግርም ያው ነው። መኪናው ወረፋ ላይ ሲቆም ጓንቴን ሁለት ጊዜ አስተካክላለሁ። እሱ አንድ ሺህ ነገር ያዘለ ዓይኑን ጥሎብኝ ይቆይና «ደህና ዋይ» ብሎ ይሄዳል። ሰባት ወር እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ «እሑድ ቤታችን ምሳ ና» ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ብጠብቅ ኖሮ ጸጉሬ ይሸብት ነበር።

ግቢያችን ከፊት የአባዬ ጋራዥ፣ ከኋላ ቤታችን ነው። አባዬ ሠላሳ ዓመት ሞተር የፈታ መካኒክ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ «ይሄም መኪና ነው» ብሎ ገባበት። አሮጌ ባትሪ ከፍቶ ደህናውን እየለየ ለቤት መብራት የሚሆን ማጠራቀሚያ ይሠራል። ባትሪ ለመክፈት ግን ፈቃድ የለውም። እኔም ከማንም በላይ አደጋውን እያወቅኩ፣ «አባዬ፣ ተው» ብዬ ብዬ ሲደክመኝ ዝም ብዬ ነበር።

ምሳው ደህና አለፈ። አባዬ ወደደው፤ ከጠረጴዛው አንስቶ ግቢውን ሊያሳየው ወሰደው። በፕላስቲክ የተሸፈኑ አሥራ አንድ ባትሪዎች ነበሩ።

«ነገ ጭነህ ወደ ፋብሪካው ውሰድልኝ። ወረቀቱን ሞልቼዋለሁ፤ ሁሉም ደህና ናቸው።»

ቀስታ ፕላስቲኩን ገልጦ አንድ በአንድ አያቸው። መጨረሻው ላይ ቆመ። የአሥራ አንደኛው ሽፋን ወደ ላይ ተነፍቶ ነበር።

«ጋሼ፣ አሥሩን ነገ እወስዳለሁ። ይሄኛው ግን አብጧል። ለብቻው፣ በብረት ሳጥን፣ በአሸዋ ተቀብሮ ነው የሚጓዘው። ወረቀቱም ላይ 'የተጎዳ' መባል አለበት።»

«እንደዚያ ካልኩ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ተቆጣጣሪ ከመጣ ጋራዤ ይታሸጋል።»

«ደህና ነው ብዬ ብጭነው ደግሞ መንገድ ላይ ሊነድ ይችላል። ከነደደ ማጥፋቱ ከባድ ነው።»

«እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ የምትጠብቅ ሰው አይደለህ? ቀስ ብለህ ንዳ።»

«ቀስ ማለት ለዚህ አይበቃም፣ ጋሼ።»

የአባዬ ፊት ጠቆረ። «ልጄን ብለህ መጥተህ ግቢዬን ልትፈትሽ ነው?»

ቀስታ እጅ ነስቶ ወጣ። አባዬም «ይሄ ሰው ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጥ» አለ። አሥሩን ደህና ባትሪዎች በማግሥቱ ሌላ ሾፌር ወሰዳቸው።

በአምስተኛው ቀን ተቆጣጣሪዎች መጡ። ሰው ደውሎልን ነው አሉና ጋራዡን አሸጉ። አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ቀስታን ገና ከመኪናው ሳይወርድ አገኘሁት።

«ቢያንስ ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ምኑን?»

«አባቴን አሳልፈህ እንደምትሰጥ።»

መሪውን ሳይለቅ ቀና ብሎ አየኝ። «አልደወልኩም።»

«ታዲያ ባትሪው ራሱ ደወለ?»

«አልደወልኩም አልኩሽ። ካላመንሽኝ ሁለተኛ የምነግርሽ ነገር የለኝም።»

አለቃዬን ለምኜ ባትሪ ወደሚፈታበት አዳራሽ ተዛወርኩ። ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ ሲመጣና ሲሄድ አየዋለሁ። እሱ ቀና ብሎ አያይም። ባለማየቱ እናደዳለሁ፤ በመናደዴ ደግሞ ይብስ እናደዳለሁ።

ቤትም እረፍት የለም። ያበጠው ባትሪ ካልወጣ እሽጉ አይነሳም። የብረት ሳጥን ያላቸው ሰዎች ከተቆጣጣሪዎቹ ወረቀት አምጡ ይላሉ፤ ተቆጣጣሪዎቹ መጀመሪያ ከሳጥኖቹ ባለቤቶች አምጡ ይላሉ። አባዬ ያልተበላሸ ሬዲዮ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ እንደገና ይፈታል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከእማዬ ጋር ልብስ ስናጣጥፍ፣ ቀና ሳትል «ያ ልጅ አልደወለም» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«እኔ ነኛ የደወልኩት።»

ከልብሱ ሥር የአባዬን ሸሚዝ አወጣች። አንዱ እጅጌ እስከ ክርኑ ተቃጥሏል።

«ደብቆት አገኘሁት። ምንድን ነው ስለው 'ሲጋራ ነው' አለኝ። አባትሽ መቼ አጭሶ ያውቃል?»

«እና ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አልሽኝ?»

«ፈራሁ። የእሱ ቁጣ ምንም አይደል፤ ኩርፊያውን ነው የፈራሁት።» ሸሚዙን አጠፈችው። «ደግሞ አንቺ ልጁን የምታውቂው መስሎኝ ነበር። ታምነዋለች ብዬ ነበር።»



በማግሥቱ ምሳ ላይ ለአባዬ ራሷ ነገረችው። «ጋራዥህን ያሳሸግኩት እኔ ነኝ» አለችው። «ጋራዥ ታሽጎ ይከፈታል። ባል ተቃጥሎ ከየት ይመጣል?»

አባዬ ማንኪያውን አስቀምጦ ወጣ። ሁለት ቀን አላናገረንም። በሦስተኛው ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ተቆጣጣሪዎቹ ቢሮ ሄደ፤ ያለፈቃድ ባትሪ ይከፍት እንደነበር፣ አንዱ ባትሪ ማበጡንም በገዛ እጁ ጽፎ ፈረመ። ቅጣቱን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተንቀሳቀሰው።

የተጎዳ ባትሪ ለመጫን ፈቃድ ያለው ሾፌር አንድ ብቻ ነው፤ ቀስታ። አብሮት የሚጓዝ የርክክብ ሠራተኛ ያስፈልጋል ሲባል፣ የድሮ ሥራዬ ነው ብዬ እጄን አወጣሁ።

ግቢያችን መጥቶ ሰላም አለኝ፤ ለማንኛውም ሠራተኛ እንደሚለው። የጎማ ጓንት አድርገን፣ ባትሪውን ይዞት በመጣው ፎርክሊፍት በጥንቃቄ አንስተን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥነው፤ አሸዋ ሞላንበት። አባዬ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ክዳኑ ሲጠብቅ ጠጋ አለ።

«ልጄ፣ በሐሰት አምቼሃለሁ።»

«ይሁን፣ ጋሼ» አለ ቀስታ። «ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉልኝ።»

ተሳፈርን። ከኋላችን መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ ያልፉናል። ግማሽ መንገድ ላይ አላስችል አለኝ።

«አጥፍቻለሁ። ሌላው ቢጠረጥርህ፣ እኔ መጠርጠር አልነበረብኝም።»

ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ይሄን ስትዪ ምን እንደምመልስልሽ ሳዘጋጅ ነበር።»

«ክፉ ነገር ነው?»

«ግማሹ።»

«ግማሹስ?»

«እሱን መሪ ይዤ አልናገረውም።»

ፋብሪካው ስንደርስ ባትሪውን አስረከብኩ፣ ወረቀቱን ፈረምኩ፣ ጓንቴን አወለቅሁ። ዞር ስል አልሄደም፤ የጋቢናውን በር ከፍቶ እየጠበቀኝ ነው። ገብቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ክፉውን ግማሽ ነገረኝ፤ አንዲት ቃል እንኳ አላስቀረልኝም። አንገቴን ደፍቼ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ሲጨርስ እንባዬን ጠረግሁና «እሺ» አልኩት፤ «አሁን ሌላውን ንገረኝ።»

ሞተሩን አጠፋና ወደ እኔ ዞረ።