ዲያቆኑ እስኪነሱ

ሎቪና ማስት የእንቁላል ቅርጫቷን አቅፋ ከከብት ጨረታው ግቢ ወጣች።

ዶና መሪው ላይ ሆና መስታወቱን አየች። ፈረስ። ጋሪ። ሌላ ጋሪ። የሚከተል የለም።

የቫኑ በር ተንሸራቶ ተከፈተ።

«ስንት ደርዘን ነው?» አለች ዶና።

«ሦስት። አንዱ የተሰነጠቀ አለበት።»

የተስማሙበት ቃል ነው። ሦስተኛው ካርቶን ሥር ወረቀቱ አለ ማለት ነው። ዶና ካርቶኑን አነሳች። አትሊ ኬይም ገንዘብ ሲቀበል በገዛ እጁ የፈረመው ውል ነው፤ በዓመት አሥራ ሁለት ከመቶ ትርፍ፣ «ስጋት የሌለበት» ይላል። ፎቶ አንስታ ላከችው።

ለዚህች ብጣሽ ወረቀት ሰባት ወር ለፍታለች። የኦሃዮ አሚሾች እንደ ጥንቱ በፈረስና በጋሪ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው፤ መኪና አይነዱም፤ ሩቅ መንገድ ሲኖርባቸው ከውጭ ሹፌር ይቀጥራሉ። ቫኑንም ስሙንም የሰጣት የገንዘብ ማጭበርበርን የሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤቷ ነው። ሹፌር ፊት የማይወራ ነገር ደግሞ የለም። አትሊ የእነሱው ልጅ ነው፤ አድጎ መኪና ወደሚፈቅደው ጉባኤ ተሻገረ። ከሰማንያ ቤተሰብ ገንዘብ ሰብስቧል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ከሁሉ የሚብሰው የሕክምናው መዋጮ ነው። አሚሽ ኢንሹራንስ አይገባም፤ ጉባኤው አዋጥቶ ያሳክማል። ያ መዋጮ ዛሬ አትሊ እጅ ነው። የሎቪና ባል ኢላይ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልቡን ቀዶ ጥገና ሊደረግለት የታሰበውም በዚሁ ገንዘብ ነው።

እንዲህ ያለ ወረቀት ለሕዝብ ከመሸጡ በፊት መመዝገብ አለበት። የአትሊ የትም አልተመዘገበም። የዶና መሥሪያ ቤት ግን ካቴና የለውም፤ ሰው አያስርም። መሣሪያው ዳኛ የሚፈርምበት እግድ ብቻ ነው። እግዱ ሳይደርስ ገንዘቡ ከባንክ ከወጣ፣ ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።

ኋላ ወንበር ላይ ዲያቆን ሞዝ ያንኮራፋሉ። የሰማንያ አራት ዓመት የጉባኤው ሽማግሌ ናቸው፤ ከጨረታ ሲመለሱ ሁሌም ይተኛሉ።

ሎቪና ወደ ሹፌሯ ዘንበል አለች።

«ዶና፣ ጠዋት ላሞቹን ካለብኩ በኋላ አትሊ ጋ ሄጄ ነበር።»

ዶና ወደ ኋላ ዞረች።

«ምን ሊያደርጉ?»

«ወረቀትህን መንግሥት ቤት ዘመድ ላለው ሰው ልሰጥ ነው አልኩት።»

«እማማ! ለምን?»

«ወንድምህ ቢበድልህ ብቻህን ሆነህ ንገረው ይላል ቃሉ። ሳልነግረው እንዴት ከኋላው እመታዋለሁ? አለቀሰ እኮ፣ ልጄ። ቅዳሜ እመልሳለሁ ብሎኛል።»

«ቅዳሜ ገንዘቡም እሱም እዚህ የሉም!»

ግራጫ ፒካፕ በአጠገባቸው ሽው ብሎ አለፈ።

አትሊ ነው። እጁን አውለበለበላቸው።

ወደ ባንኩ ነው የሚሄደው።

ዶና ሞተሩን አስነስታ ለአለቃዋ ደወለች፤ በስልክ የሚጠራሩት በምሥጢር ስም ነው።

«ጎተራ፣ ድርቆሽ ነኝ። አውራው ባንክ እየገባ ነው። እግዱን አሁን!»

«ዳኛው ችሎት ላይ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ስጪኝ።»

«ከየት ላምጣ?»

ስልኩ ተዘግቷል። ሎቪና በመስታወቱ ውስጥ አፍጥጣ ታያታለች። ዶና ለመዋሸትም ጊዜ አልነበራትም።

«እማማ፣ ብቻዎን ነገሩት። ካልሰማስ? ቃሉ ቀጥሎ ምን ይላል?»

ሎቪና ወደ ዲያቆኑ ዞረች።

«አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ ይላል» አሉ ዲያቆኑ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ተኝቼ አልነበረም። ይልቅ ንጂው!»

ነዳችው። አቀበቱ ላይ ሁለት ጋሪዎች መንገዱን ዘግተው ይጎተታሉ። ዶና ጥርሷን ነክሳ በሣሩ በኩል አለፈቻቸው።

የጨረታ ቀን ስለሆነ ባንኩ ውስጥ አሥር የሚሆኑ ገበሬዎች ተሰልፈዋል። አትሊ መስኮቱ ጋ ቆሟል። የማስተላለፊያው ቅጽ ተሞልቷል። ብዕሩ እጁ ላይ ነው።

የቀረው አንድ ፊርማ ነው።

«አክስቴ ሎቪና! ዲያቆን ሞዝ! ምን እግር ጣላችሁ?» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«የኢላይን ልብ ገንዘብ ወዴት ነው የምትልከው?» አሉ ዲያቆኑ።

«ላባዛላችሁ ነው እንጂ ወዴት እልካለሁ?»

«ተባረክ። እንግዲያው እንጸልይበት።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ተንበረከኩ። ገበሬዎቹም ተከተሏቸው። የእነሱ ጸሎት ድምፅ የለውም፤ መሪው ካልተነሳ ደግሞ ማንም አይነሳም። አትሊ ቅጹን አየ፤ ሰዎቹን አየ። መፈረም ይችል ነበር። ግን ከሕፃንነቱ የለመደ ጉልበቱ ሳያማክረው ታጠፈ። በመስኮቱ ያለችው ገንዘብ ከፋይ ልጅም የሰፈሩ ሰው ናትና አንገቷን ደፋች።

አምስት ደቂቃ።

ዶናም ተንበርክካለች። እምነት የላትም፤ ያን ቀን ግን ከልቧ ለመነች።

አሥር።

ዲያቆኑ አሳላቸው። አትሊ ሊነሳ ቃጣው። ዲያቆኑ ግን አልተነሱም።

ሃያ። የአትሊ ሸሚዝ ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል።

የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ስልክ ጮኸ።

አትሊ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከዲያቆን ቀድሞ ተነሳ። ፈረመ።

«ላኪው! ቶሎ በይ!»

«አይቻልም» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ስልኩን እንደያዘ። «ዳኛ አግዶታል። በሙሉ።»

አትሊ ወደ ዶና ዞረ። «ይቺ ናት! ሹፌር አይደለችም! የመንግሥት ሰላይ ናት!»

ሎቪና ቀስ ብላ ቆመች።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እማማ።»

«ኢላይን ሦስት ሌሊት ስታስታምሚው ሥራሽ ነበር?»

«እሱ አልነበረም።»

«እሺ። ገንዘቡ መቼ ነው የሚመለሰው?»

ዶና የፈራችው ይህን ጥያቄ ነበር። «የሁሉም ታግዷል። ፍርድ ቤቱ እስኪያከፋፍል… ወራት ይፈጃል።»

«ኢላይ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።»

«አውቃለሁ።»

«ወረቀቱን አምጪ ስትዪኝም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሎቪና አልጮኸችም፤ አልረገመችም። ዲያቆኑን ደግፋ ወጣች። እስከ ቤት ያለውን ስምንት ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሊሄዱ ተነሱ። ዶና ቫኑን ይዛ ልትከተላቸው አሰበች። አፈረች።

መሥሪያ ቤቱ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈላት፤ አዲስ ከተማና አዲስ ስምም ሰጣት። ሌሎች ጉባኤዎች ጨረታ አዘጋጅተው ለኢላይ ሊያዋጡ ጀመሩ፤ ግማሹን እንኳ ሳይሞሉ ኢላይ በኅዳር ሞተ። የታገደው ገንዘብ በመጋቢት ለሰማንያው ቤተሰብ ተከፋፈለ።

ዶና ወደ አሚሾቹ ሸለቆ ዝር እንዳትል ተነግሯታል። ለኢላይ ቀብር ግን ቫን ተከራይታ፣ ከኢንዲያና አሥራ አንድ ለቀስተኛ ጭና መጣች። ሠላሳ ቫን ሜዳው ላይ ተደርድሯል። ሹፌሮች ውጭ ይጠብቃሉ፤ ሹፌርን ማንም አያይም።

ሎቪና ሬሳውን ተከትላ ወጣች። ዓይኗ በቫኖቹ ላይ ተራ በተራ አለፈ። ዶና ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ አጠገቧ ወዳለ ሽማግሌ ዘንበል ብላ አንድ ነገር ተናገረች።

ከቀብር መልስ ሽማግሌው የዶናን ቫን መስኮት አንኳኳ። «ባለቤቲቱ ሹፌሮቹም ቤት ገብተው ይብሉ ብላለች። ግራጫዋ ቫን ውስጥ ያለችውም ትምጣ ብላለች። ስምሽን ማን ብዬ ልንገራት?»

ዶና የራሷን ስም መናገር አትችልም፤ በሎቪና ቤት ደግሞ ሌላ የውሸት ስም መናገር አልቻለችም።

«በልቻለሁ በልልኝ፣ አባባ» አለች።

ሽማግሌው ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። ሌሎቹ ሹፌሮች እየተሳሳቁ ገቡ። ዶና ለቀስተኞቿ እስኪወጡ ጠብቃ አሳፈረቻቸው፤ ኢንዲያና ሲደርሱ አንዳቸውም መልኳን አያስታውሱም ነበር።