ማንኪያ የሌላቸው ችግኞች

ዊብከ ቅጠሏን በዳቦ ከረጢት ጠቅልላ ነበር ያመጣቻት። በሰሜን ጀርመን፣ የሌር ከተማ የካናቢስ አብቃዮች ማኅበር በር ላይ ስትደርስ ግን እግሯ አመነታ። ሕጉ ከፈቀደ ወዲህም ቢሆን፣ እኛ የዚህ አገር ሰዎች እዚያ በር ላይ ስንደርስ ግራ ቀኝ ማየት አልተውንም።

ውስጥ አንድ ወጣት ረጅም ጠረጴዛ ላይ አፈር ይነፋል። እስከ ክርኑ ጥቁር ሆኗል። ቀና ብሎ ሲያያት ወንፊቱን መነቅነቅ ረሳው።

«ታማሚው ማነው?» አላት ከረጢቱን እያየ።

እናቴ ልትል ነበር። አፏ ላይ ከደረሰ በኋላ ዋጠችው።

«ችግኞቼ። ከትንንሾቹ ኩባያዎች ወደ አፈር ካዛወርኳቸው ወዲህ ቢጫ እየሆኑ ነው።»

«ከላይ ነው ከታች የጀመራቸው?»

«ልዩነት አለው?»

«እንዴታ! ከታች አሮጌዎቹ ከገረጡ ተክሉ ምግብ አንሶት ሊሆን ይችላል፤ ከታች እየወሰደ ወደ ላይ ይልካል። አዲሶቹ ገርጥተው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ሌላ ጣጣ ነው። ጫፋቸው ከተቃጠለ ደግሞ ማዳበሪያ አብዝተሻል።»

«ከታች ነው። ማዳበሪያም ጨመርኩላቸው። ባሰባቸው።»

ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችው። ወጣቱ ከት ብሎ ሳቀ።

«ይሄማ መብራቱ ስር ያነሳሽው ነው። በዚህ ሐምራዊ ብርሃን እኔም የሞትኩ ነው የምመስለው።»

«ያለ መብራቱስ?» አለችው። ወዲያው ፊቷ ደም መሰለ። ከቀለደች ከወር በላይ ሆኗት ነበር።

«ያለ መብራቱ እንግዲህ አንቺ ፍረጂ። ቲያርክ እባላለሁ። ችግኞቹን በቀን ብርሃን ማየት አለብኝ።»

የዊብከ እናት ጌሼ ዕድሜዋን ሙሉ የመናፈሻ አትክልተኛ ነበረች። ካንሰሩ ጉበቷ ከደረሰ በኋላ ሐኪሙ ለሕመሟ የካናቢስ ጠብታ አዘዘላት። እሷ ግን «ከዘሩ ጀምሮ በገዛ እጄ ያበቀልኩትን ነው የምፈልገው» ብላ ድርቅ አለች። ችግኞቹን ወደ አፈር ባዛወሩ ዕለት፣ አፈሩን በጣቶቿ ጠቅጠቅ አደረገችና «እነዚህ ከያዙ እኔም እይዛለሁ» አለች። ምናልባት ቀልዷን ይሆናል። ዊብከ ግን ቃሉን ልቧ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ወዲህ በገረጣው ቅጠል ሁሉ የምታየው የእናቷን ፊት ነበር።

ቲያርክ በማግስቱ መጣ። መብራቱን አጥፍቶ አንዱን የችግኝ ማሰሮ ወደ መስኮቱ ሊወስድ ሲያነሳው ፊቱን አኮማተረ።

«ድንጋይ ላይ ነው እንዴ የተከልሽው? መቼ ነው ያጠጣሽው?»

«ባለፈው ሳምንት። ጣቴን ከትቼ መድረቁን ሳላይ አላጠጣም።»

ቲያርክ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደና አሸተተው። ረግረግ ረግረግ ይላል። ቅጠሎቹ አብጠው ወደ ታች ተደፍተዋል። አፈሩ ውኃ ጠግቦ ሥሩ አየር አጥቷል ማለት ነው። ይህንኑ ሊናገር አፉን ሲከፍት ጌሼ «መጀመሪያ ሻይ!» አለች። የቀኝ እጅጌዋ እስከ ክርኗ እርጥብ ነበር። ቲያርክ እጅጌውን አየና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

እኛ ዘንድ እንግዳ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ እስኪያስገባ ድረስ ሻይ ይቀዳለታል። ማንኪያው ውጭ እስካለ ድረስ ቅጂልኝ ማለት ነው፤ «አልፈልግም» ብሎ በአፍ መናገር ነውር ነው። ቲያርክ ሻይ አይወድም፤ በዚህ አገር ይህ ከሃይማኖት መውጣት ያህል ነው። አንዱን ስኒ እንደምንም ጨርሶ ማንኪያውን ቶሎ ከተተ።

ዊብከ ክሬም ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትገባ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እርስዎ ነዎት አይደል፣ ጠዋት ጠዋት የሚያጠጧቸው?»

«አፍህን ያዝ፣ አንተ ልጅ!» አለች ጌሼ ወደ ጓዳው እያየች። «ልጄ አካፋውን ወሰደችብኝ፣ መቀሱን ወሰደችብኝ፣ ደረጃ አትውረጂ አለችኝ። በፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ግን እጄ ባዶውን ቀረ። እሷ ሳትነሳ ጠብ ባደርግላቸው ምን አለበት?»

«ጠብ አይደለም እኮ ወይዘሮ ጌሼ፤ ጎርፍ ነው።»

«መድኃኒቱ ነው። ሲነጋ ትናንት ማጠጣቴን እረሳዋለሁ።»

«እኔ ሲበቃኝ ማንኪያዬን እከታለሁ፤ እርስዎም መቅዳት ይተዋሉ። ችግኞቹ ማንኪያ የላቸውም።»

ጌሼ ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ሲበርድ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አትንገራት። ይህንንም ከወሰደችብኝ ምንም አይቀረኝም።»

ቲያርክ ቃል ገባ። ዊብከ ተመልሳ «ምን አገኘህ?» ስትለው «አፈሩ ውኃ ይይዛል፤ ነጭ ጠጠር ቀላቅዬ እለውጠዋለሁ» አላት። ውሸት አልነበረም። ግማሽ እውነት ግን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰበብ እየፈለገ ይመጣ ጀመር። አፈሩን አብረው ይለውጣሉ፤ በአንድ ቧንቧ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ውኃው ከጠራ በኋላም እጃቸውን ቶሎ አያነሱም። ሁለቱም ያወቁትን ለመናገር አንዳቸውም አልደፈሩም። ጌሼ ግን ደፈረች።

«ሕጉ ለአንድ ሰው ሦስት ችግኝ ነው የሚፈቅደው። ለእኔና ለልጄ ስድስት፤ ሦስተኛ ሰው አብሮን ከኖረ ዘጠኝ ይሆናል» አለች አንድ ቀን ጣሪያውን እያየች።

«እማ!» አለች ዊብከ።

«ምን አደረግኩ? ሒሳብ ነው የሠራሁት።»

ቅጠሎቹ ግን መርገፋቸውን አልተዉም። ጠጠሩ ጌሼ የምታፈሰውን ሁሉ አልቻለም። አንድ ጠዋት ጌሼ ሾርባ መዋጥ አቃታት። ያን ዕለት ቲያርክ ሲመጣ ዊብከ የረገፉትን ቅጠሎች በእፍኟ ይዛ በር ላይ ጠበቀችው።

«አፈሩ ነው አልከኝ! ተለወጠ፤ ይኸው አሁንም እየሞቱ ነው። የምታውቀው ነገር አለ፤ ፊትህ ላይ አያለሁ።»

ቲያርክ ከትከሻዋ በላይ ወደ ውስጥ አየ። ጌሼ ወንበሯ ላይ ሆና ትመለከተው ነበር።

«ተናገር እንጂ!»

«አልችልም ዊብከ።»

«እንግዲያው ሁለተኛ እዚህ ቤት አትምጣ።»

ሄደ። ዊብከ በሩን ዘግታ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቆመች። ያኔ ቢያንኳኳ ኖሮ ትከፍትለት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጌሼ ትኩሳት በርትቶባት ሆስፒታል ገባች። ዊብከ ቤት የምትመጣው ልብስ ለመቀየር ብቻ ሆነ። ችግኞቹን ዞራ ለማየት ፈራች። አንድ ቀን ከሰዓት ግን የእናቷን ነጠላ ጫማ ልትወስድ ስትገባ ዓይኗ መስኮቱ ላይ አረፈ።

ቀና ብለዋል። አዲሶቹ ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው፤ የለመለመ፣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ። በደስታ ወደ መስኮቱ ሮጠች። አንዱን ማሰሮ አነሳችው፤ ቀላል ነው። እንዲህ ቀሎ አያውቅም። ማሰሮውን እንደያዘች ዞር ስትል፣ ከእናቷ ወንበር ጀርባ፣ በሹራብ የተሸፈነ የውኃ ማጠጫ አየች።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እናቷ የሌለችበት ቤት ለችግኞቹ ተስማምቷቸዋል። በዕድሜዋ እንደዚያን ቀን አረንጓዴ ቀለም ጠልታ አታውቅም።

ማኅበሩ በር ላይ ስትደርስ በዚህ ጊዜ ግራ ቀኝ አላየችም።

«አረንጓዴ ሆኑ» አለችው።

ቲያርክ ወንፊቱን አስቀመጠ።

«ታውቅ ነበር።»

«ቃል አስገቡኝ። ከእጄ ትወስድብኛለች ብለው ፈሩ።»

«እወስድባት ነበር» አለች ዊብከ። «ቲያርክ፣ እወስድባት ነበር እኮ!» ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ሸሚዙ አፈር አፈር ይሸታል። እሱም እጁ መቆሸሹን ረስቶ አቀፋት።

ሐኪሞቹ ጌሼን ወደ ቤቷ መለሷት። ምን ማለት እንደሆነ ማንም አላብራራም፤ ማብራራትም አላስፈለገም። ዊብከ ብቻ አልተቀበለችውም። ማጠጫውን ሞልታ እናቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

ጌሼ ማጠጫውን አየች፤ ከዚያ ቲያርክን ገላመጠችው።

«እሱ አልነገረኝም» አለች ዊብከ። «አጠጪያቸው እማ።»

«ይወይቡብሻል።»

«ይወይቡ!»

ጌሼ ሁለት እጆቿ እየተንቀጠቀጡ አጠጣች። ግማሹ ወለል ላይ ፈሰሰ። ዊብከ ጨርቅ ለማምጣት አልተነሳችም።

ከዚያ ሻይ ቀረበ። ዊብከ ለእናቷ ቀዳችላት፤ ጌሼ ከንፈሯን አርጥባ መለሰችው። ዊብከ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ትንፋሽ ሳትወስድ መናገር ጀመረች። «ሐምቡርግ አንድ ሐኪም አለ፤ አዲስ ሕክምና ነው፤ ስልክ ደውያለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክር እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» እያለች ልትጨምርላት ስኒው ላይ አዘነበለች።

ጌሼ ማንኪያዋን ፈለገች። ጣቶቿ ሁለት ጊዜ ሳቷት፤ ማንም አላገዛትም። ከዚያ አነሳችና ስኒው ውስጥ አስገባችው።

ዊብከ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። የእናቷን እጅ ይዛ ሳመችው። ስለ ሐምቡርግ ዳግመኛ አልተነሳም።

ጌሼ ችግኞቹ ሳያብቡ አረፈች።

የቀብሩ ዕለት እንግዶቹ ለለቅሶ የሚቀርበውን የቅቤ ኬክ በልተው ከሄዱ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። መስኮቱ ላይ የችግኞቹ የታችኛ ቅጠሎች ቢጫ ነበሩ፤ የጌሼ የመጨረሻ ውኃ ነው። ቲያርክ ሊቀነጥባቸው እጁን ሲዘረጋ «ተዋቸው» አለችው።

ተዋቸውና አጠገቧ ተቀመጠ። እጇ ሥራ ፈልጎ ነው መሰለኝ ሻይ ቀዳችለት። ጠጣ። እንደገና ቀዳችለት፤ እንባዋ እየወረደ። ጠጣ። ማንቆርቆሪያው ቀለለ፤ ሌላ አፍልታ መጣች።

«በቃህ?» አለችው። «ሻይ አትወድም እኮ። በቃኝ ካልክ ማንኪያውን አስገባና ሂድ።»

ቲያርክ ማንኪያውን አነሳ። ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ፣ እጁ ከማይደርስበት አስቀመጠው።

«ቅጂ» አላት።