ወረቀት ላይ ይጨልማል

የፎቶ ቤቱ ባለቤት የሞተው የደንበኞች ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነው። ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ ለአፍታ ሸለብ ያደረገው ሰው ይመስል ነበር። ከምሳ ስትመለስ ያገኘችው ኤዲተሯም እንደዚያው መስሏት «ጋሼ፣ ሻይ ላምጣ?» ብላ ጠይቃዋለች። ሁለተኛ ስትጠይቀው ነው የገባት።

መርማሪዋ ስትደርስ ሳጅኑ ነገሩን ቋጭቶ ጠበቃት።

«እሜቴ፣ ይሄ እንኳ አያደክምሽም» አላት። ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም ነው፤ ቀስ ብላ ስለምትራመድና ቀስ ብላ ስለምትጠይቅ ይቀልዱባታል። «ከጆሮው በላይ ተመቷል። የወረቀት መቁረጫው ብረት ላይ ደም አለ። በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ ያላቸው ሚስትየዋ፣ አታሚውና ኤዲተሯ ናቸው። ኤዲተሯ ጠዋት ‹ሌላ ቦታ ሥራ አገኘሁ፣ ልለቅ ነው› ብላ ከሰውዬው ጋር ተጨቃጭቃለች። በምሳ ሰዓት ደግሞ ከእሱ ኮምፒውተር አንድ ፎቶ ታትሟል። ከሟቹ ሌላ እዚህ ቤት ፎቶ ኤዲት የምታደርገው እሷ ብቻ ናት። ሳይመሽ ወደ ጣቢያ እወስዳታለሁ።»

«ፎቶውን አሳየኝ» አለች መርማሪዋ።

የምትስቅ ትንሽ ልጅ ፎቶ ነው። ሳቋ ሙሉ ነው፤ ፊቷ ግን ወዝ የለውም፣ ጉንጯ ከወረቀቱ ጋር አንድ ሆኗል።

ኤዲተሯ በኋለኛው ክፍል ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«ይህን ያተምሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ? ይህን?» ልጅቷ ለቅሶዋን ረስታ ቀና አለች። «ይሄማ ነጥቷል! ጋሼ ቢያየው ቀዶ ነው የሚጥለው።»

«ስክሪኑ ተበላሽቶ ይሆናላ።»

«እሱ አይበላሽም።» ከመሳቢያ መዳፍ የምታህል መለኪያ አወጣች። «ጋሼ ሰኞ ሰኞ መጀመሪያ የሚሠራው ይህንን ነው። ስክሪኑ እስኪሞቅ ይጠብቃል፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ ይቺን መስታወቱ ላይ ያንጠለጥላታል። ብርሃኑንና ቀለሙን ትለካለች፣ እሱ ከወረቀቱ ጋር ያስማማዋል። እዚህ የምናየውና ከፕሪንተሩ የሚወጣው አንድ ነው። ደንበኛው ሁሉ ‹ስክሪናችሁ ደብዝዟል› ይለናል፤ የስልኩን ብርሃን ለምዶ ነው።»

መርማሪዋ ፋይሉን አስከፈተቻት። የፎቶው ልጅ ስክሪኑም ላይ እንደ ወረቀቱ ነጥታለች።

«እያየ ነው ያተማት!» አለች ኤዲተሯ። «ዓይን የለውም እንዴ?»

መርማሪዋ ይህን ጥያቄ ይዛ ወጣች።

አታሚው ጣቶቹ በቀለም የወየቡ ረጅም ሰው ነው፤ ቀለሜ ይሉታል። ወረቀት ሊያመጣ ሄዶ የምሳውን ሰዓት ሻጩ ዘንድ ሲከራከር ማሳለፉን ሻጩም መስክሮለታል። «እኔ የማውቀው ማሽኑን ነው» አለ። «ማውስ ከነካሁ ጋሼ ተንደርድሮ መጥቶ ‹ቀለሜ፣ እጅህን አንሳ!› ነው የሚለኝ።» ሊስቅ ጀምሮ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

«መለኪያው የተገዛው አንተ ከመጣህ በኋላ ነው?»

«ስመጣ ነበረ። ኤዲተሯም ከእኔ በኋላ ነው የመጣችው።»

ሚስትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ፎቶውን ስታይ እንባዋ መጣ።

«የዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም ልጅ ናት። ትኩሳት ነው የነጠቀን። ይህን ቤት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው የከፈቱት፤ ከቀብሯ ወዲህ ግን ዋርሳዬ እዚህ ደጅ አልደረሰም። ሆዱ ባሰውና ቀረ።»

«ያኔም በዚሁ መለኪያ ነበር የሚሠሩት?»

«የለም፣ እሱ ዋርሳዬ ከሄደ በኋላ የመጣ ነው። ያኔማ አንድ አሮጌ ስክሪን ነበረቻቸው። እሷ ላይ ቀን የመሰለው ወረቀት ላይ መሽቶ ይወጣል። ስንት ወረቀት አበላሹ! በኋላ ዘዴ አበጁ። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ዱቄት የተነፋበት እስኪመስል ያበሩትና ‹ግድ የለም፣ ወረቀት ላይ ይጨልማል› ተባብለው ያትሙታል። ልክ ሆኖ ይወጣል።» ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ኤዲተሯ ወዳለችበት ክፍል ዞራ ፊቷ ጠቆረ። «ይቺን ልጅ ሥራ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እሷ ከሆነች፣ ገዳዩን ያመጣሁበት እኔው ነኝ ማለት ነው።»

ወንድምየው ደጅ ቆሞ ነበር። «እኔ ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ይህን ቤት ረግጬው አላውቅም» አለ፣ ጫማውን እያየ።

ሐኪሙ ደውሎ የምርመራውን ውጤት ለመርማሪዋ ነገራት። ከዚያ ሁሉንም ግራጫ ቀለም ወደተቀባው የኤዲቲንግ ክፍል ጠራቻቸው።

«ሳጅን፣ ኤዲተሯ ጥሩ ጥያቄ ጠይቃኛለች፤ ያተመው ሰው ዓይን የለውም ወይ ብላ» ስትል ጀመረች። «ዓይን አለው። ፎቶው መንጣቱን አይቷል። ስክሪኑን ግን አላመነውም። ወረቀት ላይ ይጨልማል ብሎ ነው ያተመው።»

ሚስትየዋ ቀና አለች።

«ኤዲተሯ ይህን ስክሪን ከራሷ ዓይን በላይ ታምነዋለች፤ የድሮውን አታውቀውም። ቀለሜም አያውቀውም፣ በዚያ ሰዓትም እዚህ አልነበረም። እትዬ የድሮውን ዘዴ ያውቃሉ፤ የሚደብቁት ነገር ቢኖር ግን እንደዚያ ዘርዝረው አይነግሩኝም ነበር። የቀረው የድሮውን የለመደ፣ አዲሱን ያላየ ሰው ነው። ቁልፍም አላስፈለገውም። ወንድም ሲያንኳኳ ይከፈትለታል።»

ወንድምየው ለመካድ አልሞከረም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ራሱ ነው የጠራኝ። ‹የልጅህን ፎቶ አሳምሬዋለሁ፣ ና እይ› አለኝ። ስመጣ ለካ ትልቅ አድርጎ መስኮቱ ላይ ሊሰቅላት ነው። ‹ልጄን ማስታወቂያ ልታደርጋት?› አልኩት። ‹ሰው ይያት ብዬ እንጂ› አለ። ገፈተርኩት። ብረቱ መታው... ግን ተነሳ! ‹ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም› ብሎ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። እኔም አንድ ቅጂ አትሜ ይዤ ልሂድ ብዬ እንደለመድነው አበራኋት። ስትወጣ ያን ቀን አልጋ ላይ እንዳየኋት ሆና ወጣች። መውሰድ አቃተኝ፣ ትቻት ሄድኩ።»

«ይቺ ልጅ ስትጠረጠርስ?» አለ ሳጅኑ።

ወንድምየው ፊቱን ከኤዲተሯ አዞረ።

«ፎቶዋን ሲያበሩ ወንድምዎ ምን አሉ?» አለች መርማሪዋ፤ ድምጿ ዝቅ ብሏል።

«ምንም።»

«የቀለሜን እጅ ከማውስ ላይ የሚያስነሱ ሰው፣ ያቺን ልጅ እንደዚያ ሲያነጧት ዝም ይላሉ? ሐኪሙ ደም የፈሰሰው ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው ይላል። እንደዚያ የተመታ ሰው ይነሳል፣ ይናገራል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይደክማል። እርስዎ ሲያትሙ እሳቸው እየሞቱ ነበር።»

ሰውዬው ሶፋው ወዳለበት ክፍል ዞሮ አየ።

«ሁለት ጊዜ ጠራሁት» አለ። «ያኮረፈ መስሎኝ... ያኮረፈ መስሎኝ፣ እኔም አኩርፌ ወጣሁ።»

ሳጅኑ ይዞት ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ የቀለሜ ለቅሶ ብቻ ይሰማ ነበር። ሚስትየዋ ተነስታ ኤዲተሯ አጠገብ ተቀመጠች። ልጅቷ ቀና ብላ አላየቻትም።

«እኔም ለምሳ ስወጣ አኩርፌው ነው፣ እትዬ» አለች። «ደህና ዋል እንኳ አላልኩትም።»

«ደውሎ ነግሮኛል። እየሳቀ ነው የነገረኝ። ‹ልጃችን አድጋለች፣ ልትለቀን ነው፣ ስጦታ እናስብላት› ነው ያለው።» ሚስትየዋ የልጅቷን እጅ ፈልጋ ያዘች። «ይህን ለሳጅኑ አልነገርኩትም፣ ልጄ። ጠይቆኝ ነበር፣ ጠርጥሬሽ አልነገርኩትም።»

ኤዲተሯ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እጇን ግን አልነጠቀችም።