ሦስት ጊዜ የታጠበው አጎበር

ሸሕዲ መናኸሪያ፣ ረፋድ አራት ሰዓት። «ወፍጮ» ወደ ጎንደር ለመሄድ ሰው በሚጠብቅ ሚኒባስ ገብቶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ከጎኑ ጋዜጣ የሚያነብ ሰውዬ አለ። ወፍጮ ፊቱን ሳያዞር በፌስታል የተጠቀለለች ቁራጭ ጨርቅ በእግሩ ገፋለት። ጨርቋ ጠርዟ ላይ ሦስት ቋጠሮ አላት።

«ታጠበች?» አለ ሰውዬው ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሣ።

«ሦስት ጊዜ።»

«ትንኞቹስ?»

«ይዘፍናሉ።»

«እውነተኛው አጎበርስ?»

«ሃያ ጊዜ አጠብነው። አሁንም ይገድላል።»

ጋዜጣ አንባቢው ማተቤ ይባላል። የስውር መርማሪው የወፍጮ አለቃ ነው። ወደ ቆላ የላከውም እሱ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ወፍጮ ኮኪት ውስጥ «ባየልኝ» ተብሎ፣ የስልሳ የሰሊጥ አጫጆች ካቦ ሆኖ ኖሯል።

የተላከበት ነገር አጎበር ነው። አዲሱ ዓይነት አጎበር መድኃኒቱ ላዩ ላይ አልተቀባም። ክሩ ገና የቀለጠ ፕላስቲክ ሳለ መድኃኒቱ ተደባልቆበት አብሮ ይፈተላል። ከላይ ታጥቦ የሄደውን ከክሩ ሆድ የሚወጣው ቀስ እያለ ይተካዋል። አንድ አጎበር ዓመታት ያገለግላል። ይህን ለማግኘት ስንት ሰው ዓይኑ እስኪፈዝ ላቦራቶሪ ውስጥ አርጅቷል። ታጠቅ የሚባል የኮኪት ነጋዴ ደግሞ እውነተኛውን ከመጋዘን እያወጣ ወደ ሱዳኗ ገላባት ሊያሻግር ይደብቃል። በምትኩ ተራ መረብ መርዝ ውስጥ ነክሮ፣ የእውነተኛውን ምልክት ሰፍቶ ያስቀምጣል።

ነገ አራት ሺህ ሐሰተኛ አጎበር ወደ ካምፖቹ ይወጣል። መስከረም ነው። አጎበር ሲጠብቁ ከወፍጮ ካምፕ ሁለት አጫጆች በወባ ሞተው ተቀብረዋል።

«ዛሬውኑ ይያዝ» አለ ወፍጮ።

«ይያዛል። አንተ ተመለስ፤ እንዳይጠረጥር።»

ኮኪት ሲደርስ ታጠቅ አስጠራው።

ነጋዴው መጋዘኑ ደጃፍ ተቀምጦ ጥብስ ይበላል። ቅባቱ በአገጩ ይወርዳል። ዝንቦቹን እንኳ እሽ አይልም። በልቶ ሲጨርስ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ አፉን ጠረገ።

ሦስት ቋጠሮ።

«አለቃህ ሰላም ብሎሃል» አለ ታጠቅ። «ርካሽ ሰው ነው። በዚህ ዋጋ መሸጡን ባውቅ ቀደም ብዬ እገዛው ነበር።»

ወፍጮ ጨርቋን አየ። ማተቤ ያለዚያች ጨርቅ ስልሳ ሰው እንደሚሞት ያውቃል። አውቆ ነው የሸጣት።

«ቁጭ በል ካቦ። አንተን ብገድል ምን ይጠቅመኛል? አጫጅ ካቦው ያልቀመሰውን አይበላም፣ ካቦው ያልሰቀለውን አይሰቅልም። የቆላ ደንብ ነው። ነገ የመጀመሪያዋን አንተ ስቀል። የቀሩት ካምፖች ያንተን አይተው ይቀበላሉ።»

«ባልሰቅልስ?»

«መርምሬ ተቀብያለሁ ብላ ማኅተም የመታችው ማን ናት? ሰርክአዲስ። ወሬው ከወጣ የምትታሰረው እሷ ናት። አንተ ደግሞ በመዝገብ የለህም። ማን ይመሰክርላታል?»

ሰርክአዲስ የኮኪት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ማኅተሙን ከመታች በኋላ ወፍጮ ያመጣላትን ቁራጭ አጥባ፣ ትንኞቹን በብርጭቆ ይዛ የፈተነችው እሷ ነች። ወፍጮ ትኩሳት እንዳለበት ሰው ጭንቅላቱን ይዞ እሷ ጋ ገባ። ደሙን ለመውሰድ ጣቱን ስትወጋ ሁሉንም ነገራት።

«ምልክቱን አይቼ ነው ማኅተም የመታሁት» አለች። «ሳላጥብ። ጥፋቴ ነው።»

«ትታሰሪያለሽ።»

«እሺ፣ ወባ ያልያዘው እስረኛ እሆናለሁ።» ሳቀች፣ ግን ሳቋ ወዲያው ጠፋ። «እኔ ከእስር እወጣለሁ። አንተ የምታሳጭዳቸው ከጉድጓድ አይወጡም። ማተቤ ካንተ በላይ አለቃ አለው?»

«ጎንደር አለ።»

«እሱ ጋ ማስረጃ ይዘህ ሂድ። ጣትህን ጨብጠው፣ ደም ይፈስሃል።»

በማግስቱ ማለዳ የአጎበሩ ጭነት ካምፕ ገባ። ታጠቅ ከፒክአፑ ሳይወርድ ክንዱን በመስኮት ዘርግቶ ያያል። ስልሳ አጫጆች በክምር ሰሊጥ መካከል ቆመው ካቦአቸውን ይጠብቃሉ። ወፍጮ አንዱን አጎበር ከላስቲኩ አወጣ።

«ካቦ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምትጋርድበት?» አለ ከአጫጆቹ አንዱ፣ የጎጃሙ ውባንተ። ሁሉም ሳቁ።

«ሳፋ አምጣ» አለው ወፍጮ።

«አይታጠብም ተብሏል» አለ ታጠቅ ከመኪናው።

«እኛ አገር አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ ሰው አይተኛበትም፣ ጋሽ ታጠቅ።»

ነከረው።

ውኃው ወተት መሰለ።

ከዚያ ሽታው ተነሣ። ደረቅ እያለ የሳሙና ሽቶ ሸፍኖት ነበር፤ ውኃ ሲነካው እንደ በሰበሰ ሽንኩርት አፍንጫ ውስጥ ገባ። ውባንተ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብሎ ቀና አለ። ክረምቱን ሙሉ የመርጫ ማሽን በጀርባው አዝሎ ሰሊጥ ሲረጭ ነው የከረመው።

«ይኸማ የማሳው መርዝ ነው» አለ። «የሰሊጡን ትል የምንገልበት። ጀርባዬን የላጠኝ መርዝ ሽታ ይጠፋኛል?»

አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተፋ። «ትል አደረጉን» አለ።

ማንም አልጮኸም። አንድ በአንድ እየመጡ ያልተፈታውን አጎበር የፒክአፑ ጎማ ሥር ወረወሩ። ታጠቅ ሞተር አስነሣ። የዕለቱ ውኃ ጫኝ መኪና ወሬውን ይዞ ወደ ሌሎቹ ካምፖች ሄደ። እስከ ቀትር አንድም አጎበር አልተሰቀለም።

ወፍጮ የታጠበውን ጨምቆ በሸሚዙ ሥር ወገቡ ላይ ጠመጠመው። ምልክቱ ከነስፌቱ አለ። ሰሊጥ ወደ ጎንደር በሚያወጣ አይሱዙ ተሳፈረ። ገና ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ወገቡ መቃጠል ጀመረ። ስልሳ ሰው በዚህ ውስጥ ሊተኛ ነበር። በመኪናው ጎን ተደፍቶ አስታወከ።

ሸሕዲ መግቢያ ላይ የፍተሻ ገመድ ተወጥሯል።

ፖሊሶች ሁሉንም አስወረዱ። የፖሊስ መኪናው ኋላ ሰርክአዲስ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ተቀምጣለች። እጇ በካቴና ታስሯል። ታጠቅ ቀድሟቸዋል።

አሥር አለቃው ወፍጮን ክንዱን ይዞ ወደ እሷ ወሰደው።

«እህቴ፣ አጎበር ሰርቆ ለሠራተኛ በሐሰት ያወራው ይህ ነው? ካወቅሽው ላንቺም ይቀልልሻል።»

መርዙ በወገቡ ወደ ታች ይንጠባጠባል። አንዲት ጠብታ ጫማው ላይ አረፈች።

ሰርክአዲስ ጠብታዋን አየች። ከዚያ ፊቱን ረጅም ጊዜ አየች።

«አላውቀውም» አለች። «ይኼ ሰውዬ ታሟል። ልቀቁት፣ ሐኪም ይየው።»

ለቀቁት።

ጎንደር ያለው የማተቤ የበላይ አጎበሩን ተቀበለ። በሦስተኛው ቀን የታጠቅ መጋዘን ታሸገ፣ እውነተኛዎቹ አጎበሮች ድንበር ሳይሻገሩ ተያዙ። በሳምንቱ ለካምፖቹ ታደሉ። ማተቤ «ለጤናው የሚስማማ አየር» ወዳለበት ቢሮ ተዛወረ።

«ነርሷስ?» አለ ወፍጮ።

«ማኅተሙ የእሷ ነው። ፍርድ ቤት ያየዋል።»

«ልመስክርላት።»

«በየትኛው ስም?» አለ የበላዩ፣ እስክሪብቶውን ሳያነሣ።

በጥቅምት መጨረሻ ገለጉ ላይ ማሽላ አጫጅ ይመዘገብ ነበር። ወገቡ የተላጠ አንድ ሰው ተራ ይዞ ቆመ።

«ስም?» አለው ካቦው።

«ኪዳን» አለ፣ ከጎንደር የተሰጠውን አዲስ ስም።

«ማጭድ አለህ?»

«አለኝ።»

ካቦው ቀና ብሎም አላየውም። «ከኋላ ተሰለፍ» አለው።