ጀምበር የገባችበት ስጦታ

ወንዙ ፊቱን ያዞረው በሚዛን በዓል ማለዳ ነበር። የሰንደራ መንግሥት አራዊት ስጦታቸውን ይዘው አደባባይ ወጥተው ሳለ፥ ከአምባ ጉም ተነሥቶ ሸለቆውን ሲያጠጣ የኖረው የልግስ ወንዝ በድንገት ቆመ። ረስቶት የመጣው ዕቃ ትዝ እንዳለው መንገደኛ ጥቂት አመነታና ተመልሶ ሽቅብ ወደ ተራራው ይፈስ ጀመር። ዓሦቹ ግራ ገባቸው። አንዲት እንቁራሪት ብቻ ቅጠል ላይ ተደላድላ፥ «እንግዲህ ዛሬ ያለ ድካም እናቴ ቤት ልደርስ ነው» እያለች ወደ ላይ ሄደች።

ወጣቷ ጃርት ሾልታ ይህን ስታይ ባዶ ቅል ታቅፋ ነበር። ቅሉን በየበዓሉ ለጉሬዛው ለበርኖስ ትሰጠዋለች። በርኖስም ሌላ ስጦታ መፈለግ ስለሚታክተው ጀምበር ከመግባቷ በፊት ያንኑ ቅል ይመልስላታል። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተመላለሰ፤ አንድ ቀን እንኳ ውሃ አልተቀዳበትም።

የሰንደራ ሕግ አጭር ነበር፤ «ስጦታ ጀምበር አይግባበት» ይላል። የተቀበለ ሁሉ በዚያው ዕለት በአደባባዩ ታላቅ ሚዛን ላይ እኩል አስመዝኖ ይመልሳል። አይጥ ለጥንቸል ሦስት የማሽላ ፍሬ ብትሰጥ፥ ጥንቸል ሦስት የማሽላ ፍሬ ትመልሳለች። አንዱ ከሌላው ውለታ ነጻ ሆኖ ስለሚያድር አራዊቱ በሕጋቸው ይኮሩ ነበር። ሾልታ ግን ለማንም ያልነገረችው ሐሳብ ነበራት። በርኖስ ወዳጇ ይሁን ወይስ የሚያገናኛቸው ሚዛኑ ብቻ ይሁን፥ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

ንግሥት ወለላ፥ ሰንደራን የምትገዛው አጋዘን፥ ወዲያው ጉባኤ ጠራች። የሚዛኑ አለቃ ከርከሮው ቡልቃ ጥርሱን ወደ ላይ ቀስሮ ንጹሕነቱን አስረዳ። ወንዙ በጥንት ዘመን የአምባ ጉም ጠባቂ የሆነው ዘንዶ ነጎድ የሰጠው ስጦታ ነው። ወንዝ በአንድ ቀን ተመዝኖ አይመለስምና፥ ሰንደራ በየዓመቱ ሰማያዊ ድንጋይ እያስጫነች ወደ ዘንዶው ዋሻ ስትልክ ኖራለች። የመጨረሻው ድንጋይ የገባው ባለፈው ዓመት ነው።

«እነሆ ከነጎድ ጋር ሒሳብ ተጨራርሰናል» አለ ቡልቃ። «በእኛ በኩል ጉድለት የለም።»

በዚያው ሰዓት ሾልታ አደባባዩ ዳር የአያ ኮረትን ጀርባ ትፍቅ ነበር። አያ ኮረት ሦስት መቶ ዓመት የኖሩ ኤሊ ናቸው። እሷ በየበዓሉ የጀርባቸውን የድንጋይ ሽበት ታጥባለች፥ እሳቸውም እሾሆቿን ይወለውሉላታል። ዛሬ ውሃ ስለሌለ በእሾኋ ጫፍ ስትፍቅ ከሽበቱ ሥር ፊደል ብቅ አለ።

«አያ ኮረት፥ ጀርባዎ ላይ ጽሑፍ አለ።»

«ምን ይላል?»

«ሦስት መቶ ዓመት ተሸክመውት አላነበቡትም?»

«አንገቴ እዚያ አይደርስም፥ ልጄ።»

በንግሥቲቱ ፊት ተነበበ፦

«ወንዙ ሽቅብ ሲፈስ
ሸክም የያዘ አይውጣ፤
ጀምበር የገባችበትን ስጦታ
የያዘ እሱ ይምጣ።»

ጉባኤው አጉረመረመ። ጀምበር የገባችበት ስጦታ በሰንደራ ታይቶ አይታወቅም። ቡልቃ ጸሐፊው ሳይሳሳት አልቀረም ብሎ፥ በንግሥቲቱ ግምጃ ቤት ያለው የሰባት ቀፎ ማር ለዘንዶው እንዲላክ መከረ። ምክሩ ጸደቀ። ማን ይውሰደው ሲባል ግን ዝሆኑ የገደሉ መንገድ ጠባብ መሆኑን አነሣ፤ ነብሩም እግሩን እያየ ማነከስ ጀመረ።

ሾልታ ከተወለዱ ሦስተኛ ቀናቸውን የያዙ ሁለት ወንድሞቿን አሰበች። የጉድጓዱ ውሃ ዐሥር ቀን ቢያቆይ ነው፤ እናታቸው ካልጠጣች ጡቷ ይደርቃል። ወደ መካከል ወጣች፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነባት።

«ግርማዊት ሆይ፥ እኔ እሄዳለሁ። ወንዙን ሳላስመልስ ብመለስ እሾሄ ይርገፍ፥ ጎሬዬም ይፍረስ።»

አያ ኮረት ደብዳቤው ጀርባዬ ላይ ነውና ከእኔ ውጭ አይሆንም ብለው የማሩን እንስራ አስጫኑ። በርኖስ ከዛፍ ላይ ወረደ። በየማለዳው በእሾህ የሚያበጥረው ነጭ ጠጉሩ ከትከሻው እስከ ወገቡ ይዘናፈላል። ዝናብ ሲመጣ ከእናቱ በፊት ጠጉሩን የሚያስጠልል እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

«ቅሉን ሳትሰጪኝ ብትሄጂ ዛሬ ምን እመልሳለሁ?» አለና ተከተላት። ሾልታ ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን ሙሉ አልነበረም። የተከተላት እሱ ይሁን ሕጉ አላወቀችም።

አራት ቀን ተጓዙ። ቅጠሎቹ የሰሙትን ሁሉ በሚመልሱበት በሹክሹክታ ጫካ ሲያልፉ አያ ኮረት አንድ ጊዜ ቢያነጥሱ ጫካው እስከ ማታ ሲያነጥስ ዋለ። ክንፋቸው እንደ ፋኖስ የሚበራ ንቦች የማሩን ሽታ ተከትለው ግማሽ ቀን አጀቧቸው። በርኖስም ንቦቹ የመጡት ጠጉሬን ሊያዩ ነው ብሎ ተከራከረ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመስተዋት ገደል ደረሱ። ዳገቱ ከእግር እስከ ራሱ በረዶ ነው። በርኖስ በቀላሉ ወጣ። አያ ኮረት ጥፍራቸውን እየተከሉ፥ የሾልታን ያህል ዕድሜ የሚፈጅ በሚመስል እርጋታ ተከተሉ። ሾልታ ግን ልትጨርስ ሁለት ክንድ ሲቀራት እግሯ ከዳት። ወደ ታች ተንሸራትታ በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ በእሾሆቿ ተወትፋ ቀረች። ከሥሯ የሚታየው ጉም ብቻ ነበር። እሾሆቿ አንድ በአንድ ቀጭ፥ ቀጭ እያሉ ሲሰበሩ ትሰማለች።

ከላይ ሌላ ድምፅ ሰማች፤ በጥርስ የሚቆረጥ ነገር ድምፅ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ነጭ ገመድ እየተወዛወዘ ፊቷ ላይ ወረደ። በጥርሷ ነከሰችው። አያ ኮረት ጫፉን በመንጋጋቸው ይዘው መሬት ውስጥ እንደተተከለ ቋጥኝ ቆሙ፥ በርኖስ ሳበ፥ ሾልታ ወጣች።

ወጥታ ስታየው ሳቅም ልቅሶም አማራት። በርኖስ የተላጨ ፍየል መስሎ በብርዱ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሁሉ ጠጉር የቀረው በግራ ጆሮው ላይ አንድ ጭራሮ የምታህል ናት። የጉሬዛ ነጭ ጠጉር ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ እንደማይበቅል በሰንደራ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ጀምበር በተራራው ትከሻ ላይ ደርሳ ነበር። ሾልታ እየቸኮለች የቀሩትን እሾሆቿን ትነቅል ጀመር። የገመዱን ክብደት ለማሟላት ስንት እንደሚበቃ ታሰላለች። በርኖስ መዳፏን ያዘው።

«ተይው፥ ሾልታ። የሰጠሁሽ እንድትመልሺልኝ አይደለም። እንዳትወድቂ ነው።»

«ሕጉስ?»

«ሕጉ ገደል ገብቶ አያውቅም» አሉ አያ ኮረት፥ ከመንጋጋቸው ላይ ጠጉር እየለቀሙ።

ሦስቱም ተጠጋግተው ተቀመጡ። ጀምበሯ ቀላች፥ ጠበበች፥ ገባች። ሰማዩ አልወደቀም። ሾልታ ገመዱን ወገቧ ላይ ታጥቃ፥ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልመለሰችው ነገር ይዛ አደረች። ሸክም ይሆንብኛል ብላ የፈራችው ገመድ ሲያሞቃት አደረ።

በማግሥቱ የነጎድ ዋሻ ደረሱ። ዘንዶው የደመና ቀለም ያለው፥ ከዋሻው ጫፍ እስከ ጫፍ የተጋደመ ነበር። ከኋላው ወንዙ በታላቅ ገንዳ ተጠራቅሞ ይንተከተካል፤ ከፊቱ ሰንደራ የላከቻቸው ሰማያዊ ድንጋዮች እስከ ጣሪያው ተቆልለዋል። ሾልታ ቡልቃ ያስጠናትን ንግግር ጀመረች።

«ታላቁ ነጎድ ሆይ! የሰንደራ ንግሥት የሰባት ቀፎ ማር ልካልዎታለች፤ እርስዎም በልኩ...»

ነጎድ ንግግሩን አላስጨረሳትም። ማሩን ገልብጦ ጠጣ፤ ከዋሻው ጓዳ ያንኑ ያህል ማር ቀድቶ እንስራውን ሞልቶ መለሰላት።

«ጀምበር አይግባበት ትሉ የለም?» አለ፤ ድምፁ ድንጋዮቹን አንቀጠቀጠ። «እኔ ወንዙን የሰጠሁት ጎረቤት ፈልጌ ነበር። እናንተ በየዓመቱ ድንጋይ አምጥታችሁ ትቆልሉና ፊታችሁን ታዞራላችሁ። ሦስት መቶ ዓመት አንድም ቀን እንዴት አደርክ ያለኝ የለም። አምና ደግሞ ተጨራርሰናል ብላችሁ ላካችሁብኝ። ከተጨራረስን ወንዜን መልሱልኝ።»

ሾልታ ያጠናችው ንግግር ከልቧ ጠፋ። እጇ ወገቧ ላይ ያለውን ገመድ ነካ።

«እንዴት አደሩ?» አለች።

ዘንዶው ዐይኑን አርገበገበ። «ምን ተብሎ ይመለሳል?»

«ደኅና ይባላል» አሉ አያ ኮረት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከዚያ አንቱም ይጠይቃሉ።»

«ደኅና» አለ ነጎድ፤ ቃሉን እንደ አዲስ ፍሬ አጣጣመው። «እናንተስ?»

«እኔ ደኅና ነኝ። እሱ ግን በርዶታል።» ሾልታ ገመዱን አሳየችው። «ይህን የሰጠኝ እሱ ነው። ትናንት ጀምበር ገባችበት፤ አልመለስኩትም፥ መቼም አልመልሰውም። እኔና በርኖስ አልተጨራረስንም። ከእርስዎም ጋር መጨራረስ አልፈልግም። ወንዙን ቢሰጡን እንቀበላለን፤ በምላሹ የምንሰጠው የለም። ለከርሞ እንመጣለን፥ ባዶ እጃችንን፤ እንዴት ከረሙ ልንልዎት።»

ነጎድ ሳቀ፤ የሰማያዊው ድንጋይ ክምር ከጣሪያው እስከ መሬት ተናደ። ጅራቱን ከገንዳው አፍ ላይ አነሣ፥ ልግስም እየዘለለ ወደ ቤቱ ወረደ።

በሰንደራ ሁለቱ የጃርት ግልገሎች እስኪነፉ ጠቡ። በአደባባዩ ቡልቃ የሰንደራን ክብር ስለ መጠበቅ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሕፃናቱ ግን ከሚዛኑ ሁለት ሳሕኖች ላይ ተቀምጠው ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዛወዙ ማንም የሰማው አልነበረም። ንግሥት ወለላ አየቻቸው፥ ከዚያም ሚዛኑ ለሌላ ሥራ እንዳይነካ አዘዘች።

የበርኖስ ጠጉር አልበቀለም። በክረምቱ መግቢያ ሾልታ ገለባና ላባ ፈትላ የሠራችውን ካባ ትከሻው ላይ ጣለችበት።

«ምን ልስጥሽ?» አለ፤ የድሮ ልማዱ አመለጠው። ወዲያው ራሱ ሳቀና፥ የተቀበለውን ካባ አጥብቆ ለበሰ።

ከዚያ ያንን የሰባት ዓመት ቅል ይዘው ወደ ልግስ ወረዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ቀዱበት፥ እየተቀባበሉ ጠጡ። ማን የመጨረሻውን እንደ ጠጣ አላስተዋሉም። ቅሉ በሾልታ ደጅ ቀረ፤ ጀምበርም ገባች።